በመቋሚያ የተፈተነ ፍሬን

ሥራ ከተውኩ ሰነባበትኩ፤ ሰው ግን አልተወኝም። መኪና የገዛ ዘመድና ጎረቤት ሁሉ ሁለት ካርቶን ታቅፎ ይመጣና ፊቴ ያስቀምጣል። በአንዱ ርካሽ የፍሬን ሸራ አለ፣ በሌላው ውድ። «አያ ፈንታ፣ የቱን ላስገባ?» ይለኛል። እኔም ካርቶኑን ሳልከፍት «መኪናህ የሚውለው የት ነው?» እለዋለሁ። ብዙዎቹ ፊታቸው ይለዋወጣል። ስለ ዋጋ ሲጠይቁት ስለ መንገድ የሚጠይቅ ሽማግሌ እንደሚያሰለች አውቃለሁ። እኔንም ስንት ጊዜ አሰልችቶኛል፤ ጥያቄው የእኔ አይደለምና፣ ሙያ ያስተማሩኝ የአያ ቸኮል ነው።

ሥራ የጀመርኩት ጣሊያን ወጥቶ ንጉሡ ከተመለሱ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አገሬ ፀዳ ላይ ያባታችንን መሬት ከወንድሞቼ ጋር ስንካፈል ለእኔ የደረሰችኝ ድርሻ በሬ ጠምዶ ለመዞር እንኳ አትበቃም ነበር። አዲስ ሙሽራ ነበርኩና ቤት መያዝ ነበረብኝ። አዘዞ አጠገብ ከነበረ የመንገድ ጥገና ጋራዥ ተቀጠርኩ፤ ሥራዬ ዘይት መቀየርና ጎማ መንፋት ነው። አለቃችን ጠዋት ቁልፍ ቈጥሮ የሚያስረክብ፣ ማታ ቈጥሮ የሚረከብ ሰው ነበር። አንድ ቀን አሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ ጠፋ ተባለና ጫማችንን ሳይቀር አውልቀን ግማሽ ቀን ተፈተሽን። ቁልፉ በመጨረሻ ከራሱ ካፖርት ኪስ ተገኘ። በዚያ ሰዓት አንድም ሰው አልሳቀም፤ የሳቅነው አጥሩን ከወጣን በኋላ ነው። ደመወዟ ትንሽ፣ የሚሞላው ፎርም ብዙ ነበር፤ እሱን ልተወው።

በሁለተኛው ዓመት ጎንደር ከተማ ገብቼ ከአያ ቸኮል ጋራዥ ተጠጋሁ። ስማቸው ቸኮል ይሁን እንጂ ሲቸኩሉ ያየ ሰው የለም። በጣሊያን ጊዜ ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ሥር ሠርተው ሙያውን ሲቀስሙ ቋንቋውን ደግሞ ለስድብ ያህል ብቻ ያዙ። ብሎን እምቢ ሲላቸው በጣሊያንኛ ይሰድቡታል፤ በአማርኛ ግን ክፉ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ትከሻቸው ላይ ክረምት ከበጋ አመድማ ጋቢ የማይጠፋ ሰው ነበሩ።

ጋራዡ ሁለት መኪና የሚያስገባ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ባለመኪና ሲመጣ አያ ቸኮል ከዳሱ ወጥተው መጀመሪያ መኪናውን ይዞሩታል። ሰውየው ሲያወራ እሳቸው አራቱን የጎማ ታምቡሮች በመዳፋቸው ይዳብሳሉ። የፍሬን ሸራ ማለት በጎማው መሐል ያለውን የብረት ታምቡር ከውስጥ ገፍቶ የሚይዘው ነገር ነው፤ ሲይዝ ታምቡሩ ይሞቃል። አራቱም እኩል ከሞቁ አራቱም እኩል እየሠሩ ነው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሰነፍ ነው፣ አንዱ የሚፋጅ ከሆነ የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ተሸክሟል። ይህን ሁሉ ሰውየው ሰላምታውን ሳይጨርስ ያውቁታል። ከዚያ ነው «የት ነው የምትውለው ይቺ ማኪና?» የሚሉት።

ሰው አያ ቸኮልን የውድ ዕቃ ወዳጅ አድርጎ ያማቸው ነበር፤ ውሸት ነው። ከማክሰኝት እህል እያመላለሰ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ መጥቶ «ከሁሉ ውድ የሆነውን ጎማ ግጠሙልኝ» ሲላቸው ትዝ ይለኛል። ሰውየው ገንዘብ ይዟል፣ መታየትም ይፈልጋል።

«ምነው? ማክሰኝት ደርሰህ ለምትመለሰው?» አሉት።

«ሰው ያየዋላ፣ አያ ቸኮል!»

«ሰው ሊያየው ከሆነ ጥርስህን አስለብጠው።»

ከዚያ ፊታቸው አልቆ እንደገና ላስቲክ የተለበጡ ርካሽ ጎማዎች አውጥተው እያንዳንዱን በመዶሻ እጀታ እየመቱ አዳመጡ። ልባሱ የለቀቀ ጎማ ሲመቱት ድምፁ የፈዘዘ ነው፤ የተያዘው ይጮኻል። አራት የሚጮኹ መርጠው ገጠሙለትና ነጋዴው ሁለት ዓመት ነዳባቸው። በሌላ ቀን ደግሞ ወደ ትክል ድንጋይ በሚወስደው መንገድ የሚሠራ ሹፌር ያንኑ የተለበጠ ጎማ ሲለምናቸው ከለከሉት። የዚያ መንገድ ድንጋይ ጎማ እንደ ቆዳ ይገፍፋል፣ ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ልባሱን ያነሳዋል። «ለዚህ መንገድ አዲስ ጎማ ግዛ፣ ካልሆነልህ በበቅሎ ሂድ» ብለው አሰናበቱት። ሰውየው ተሳድቦ ሄደ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አዲስ ጎማ ገዝቶ መጣ።

የፍሬን ሸራውም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነበር። ደህናው ከአስመራ በካርቶን ይመጣል፤ ውስጡ የናስ ክር የተሸመነበት፣ ሲነኩት ሸካራ፣ ለመቁረጥ የሚያስቸግር ነው። ርካሹ ገበያ ውስጥ በክንድ ይሸጣል፤ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ መቀስ የሚበቃው ነው። ከፍሬኑ ብረት ጋር ሪቪት በሚባል የመዳብ ሚስማር እንሰፋዋለን። አያ ቸኮል የሪቪቱ ራስ ወደ ውስጥ መስጠሙን በጥፍራቸው ካልሞከሩ፣ የሸራውን ጠርዝ በሞረድ ካላለዘቡ መኪና አይለቁም። ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ረጅም ቁልቁለት ይወርዳሉ፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ሳይለቅ እየረገጠ ይነዳል፣ የተቃጠለ ሽታ እስኪመጣ። ሽታው ሲመጣ «አሁን ያዝ!» ይሉታል። ያን ጊዜ ካልያዘ ያ ሸራ ተፈትቶ ይጣላል። ባለመኪኖች ይህን ሲያዩ አዲስ ዕቃ አቃጠሉብን እያሉ ያብዱ ነበር። እኔም በልቤ የሽማግሌ አመል ነው እል ነበር፤ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ እንኳ ምክንያቱ በደንብ አልገባኝም።

መሪጌታ ጥበቡ የመጡት በታኅሣሥ ነው። ጎንደር ከሚገኙት አድባራት በአንዱ ዜማ የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው የሚወደድ፣ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። ከወንድሞቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው ጣሊያን ትቶት የሄደ አሮጌ የጭነት መኪና ገዝተዋል። ሹፌራቸው ማሩ ይባላል፤ የእኔ ጓደኛ ነው፣ ልጄን ክርስትና ያነሳልኝ። ቀስ ብሎ የሚነዳ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ፍሬኑ አልቆ ነበርና ሸራ ልንቀይር ነው። መንገዱ ደግሞ ደባርቅ አልፎ ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ሰሜን ነው። ሊማሊሞ ማለት ከደጋው ጫፍ እስከ ቆላው ግርጌ ገደል ታቅፎ እየተጠማዘዘ የሚወርድ መንገድ ነው። እዚያ የሚወርድ መኪና ከፍሬኑ በቀር ወዳጅ የለውም።

አያ ቸኮል ለወንድማቸው ተዝካር ጭልጋ ሄደው ጋራዡን ለእኔ ትተውልኛል። ደህናው ሸራ አልቋል፤ ከአስመራ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት።

«ሦስት ሳምንት!» አሉ መሪጌታ። «እግዚኦ! ገበያው ያልፍብኛል እኮ፣ ወዳጄ ፈንታ። ይኸ በክንድ የሚሸጠውስ ምኑ ይነወራል?»

«ለሊማሊሞ አይሆንም፣ መሪጌታ።»

«ማን አለ?»

«አያ ቸኮል።»

«ታዲያ አንተ ምንድን ነህ? ስድስት ዓመት ተምረህ ዛሬም ተማሪ ነህ? እኛ ዘንድ እንኳ በስድስት ዓመት ሰው ይመረቃል!»

ይቺ ነገር ገባችብኝ። በዙሪያችን ሰው ነበር፤ አንዳንዱ ሳቀ። ርካሹን ሸራ አስመጣሁና ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ዋልኩ። ሥራውን አሳምሬ ሠራሁት፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም። ሪቪቱ ሰጥሟል፣ ጠርዙ ለዝቧል። አያ ቸኮል ቢያዩት በእጅ ሥራዬ ነቀፋ አያገኙበትም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ብርዱ ገና ሳይለቅ፣ ከፒያሳ ወደ ታች ያለችው አጭር ቁልቁለት ላይ ልንፈትነው ወጣን። መሪጌታ የዜማ መቋሚያቸውን መንገዱ መሐል አቁመው በድንጋይ አስደገፉት። «ማሩ፣ ከላይ ለቀህ ና፤ መቋሚያዬን ሳትነካ ካቆምክ ተፈትኗል!» አሉ። ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ሁሉ ዳር ዳር ቆሞ ያያል። ማሩ ባዶውን መኪና ለቆ መጣና ረገጠ። መኪናው በአራት እግሩ ተተክሎ ቆመ፤ ከመቋሚያው ሁለት ስንዝር ያህል ቀርቶት። እልልታ ሆነ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው «ሠናይ! ሠናይ!» እያሉ አሸበሸቡ። እንደዚያ ሲይዝ ደህናውን ሸራ እንኳ አይቼው አላውቅም፤ እውነቴን ነው።

ማሩ ከመኪናው ወርዶ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ፈንታ፣ እንደ አያ ቸኮል ትንሽ አናግለውም?»

«ምን ያደርጋል? አየኸው አይደል!»

«አይ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«እኔ የሠራሁት ነው፣ ማሩ» አልኩት።

እሱም «ሸጋ» አለና ጭነቱን ሊጭን ሄደ።

ያ ሸራ ሲቀዘቅዝ የሚያህለው አልነበረም። ለስላሳ በመሆኑ ታምቡሩን ጥብቅ አድርጎ ይነክሰዋል። ሲግል ግን ውስጡ ያለው ሙጫ ይወጣና ፊቱ ሙልጭ ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ብትረግጠው ባትረግጠው አንድ ነው። የናስ ክር ያለው ደግሞ ጠዋት ሲነሳ ሰነፍ ነው፣ ሲሞቅ ነው የሚበረታ። አያ ቸኮል የሚያቃጥሉት ለዚህ ነበር። እኔ ባዶ መኪና በብርድ ጠዋት አንዲት መቶ እርምጃ የማትሞላ ቁልቁለት ላይ ፈትኜ ሊማሊሞ ሰደድኩት።

ወሬው የደረሰን በሦስተኛው ቀን ነው። መኪናው እህል እንደጫነ ሊማሊሞን ግማሽ ያህል ወርዶ ፍሬን እምቢ አለው። ማሩ ገደሉን ትቶ ተራራውን መረጠ፤ ጎኑን ከግድግዳው ጋር እየፋቀ ሄዶ ከአንድ ቋጥኝ ጋር ተጋጨ። ሰው አልሞተም። የሹፌሩ ክፍል ተጨራምቶ የማሩ ግራ እግር ግን ከጉልበቱ በታች ደቀቀ። ጎንደር ሆስፒታል አስገቡት፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆመ። ማሩ ደባርቅ ላይ ለብርዱ አንዲት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ነበርና ሲጠየቅ ሳይደብቅ ተናገረ። ከተማው ወዲያው ፈረደበት፤ ጠጥቶ ነው ተባለ። በመጠጥ ከተፈረደበት ይታሰራል፣ መንጃ ፈቃዱም ይቀራል፣ ስሙም ሰካራም ሹፌር ሆኖ ይኖራል።

አያ ቸኮል በዚያው ሰሞን ከጭልጋ ተመለሱ። አብረን ሊማሊሞ ወጣን። ክሪክ አስገብቼ የኋላውን ጎማ ሳወልቅ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ታምቡሩ ወጣ። ሸራው ፊቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ያበራል። ጣቴን ባስኬደው ተንሸራተተ።

«ሲግል ምን አለህ?» አሉኝ።

«ፈትነነው ነበር። ሸጋ ይዞ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁህም።»

ሸራውን ከነብረቱ በጋቢያቸው ጫፍ ጠቅልለው ጎንደር አመጡትና እኔ ከምሠራበት ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። አራት ቀን እዚያው ዋለ። ቁልፍ ሳነሳ አየዋለሁ፣ ዘይት ስቀዳ አየዋለሁ። ቢሰድቡኝ፣ ቢያባርሩኝ እመርጥ ነበር። እሳቸው ግን ጠዋት «እንደምን አደርክ» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለሚስቴ እንኳ አልነገርኳትም፤ አፍሬ ነበር፣ ከእፍረቱ ይልቅ ደግሞ ፈርቼ ነበር።

በአምስተኛው ቀን መሪጌታ መጡ። ፊታቸው ተጎሳቁሏል፤ የወንድሞቻቸው ገንዘብ ነው ገደል አፋፍ ላይ የቀረው።

«ፈንታ፣ ፖሊስ ጣቢያ አብረኸኝ ትሄዳለህ። ፍሬኑ ደህና እንደነበር ትመሰክራለህ፤ እኔም አይቻለሁ፣ ሕዝቡም አይቷል። ጥፋቱ የአረቄው ነው።»

አያ ቸኮል መኪና ሥር ተኝተው ይሠራሉ። መዶሻቸው ቆመ።

ወደ ጠረጴዛው ሄጄ ሸራውን አነሳሁ። «እሄዳለሁ፣ መሪጌታ» አልኩ። «ግን እንዳሉት አይደለም የምመሰክረው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አያ ቸኮል ከመኪናው ሥር ወጡ። «ቆይ፣ ጋቢዬን ልልበስ» አሉና አብረውኝ ወጡ።

የጣቢያው ሃምሳ አለቃ የምናገረው አልገባውም። ምን ያድርግ፣ ሸራ ሸራ ነው ለሱ። አያ ቸኮል ከኪሳቸው ሁለት ቁራጭ አወጡ፤ አንዱ ርካሹ፣ አንዱ የናስ ክር ያለው፣ ከድሮ ትርፍ የቀረ። ሻይ የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ላይ እንዳስቀምጣቸው ነገሩኝ። ርካሹ ጨሰ፣ ላበው። ከዚያ ሁለቱንም በጉጠት እያነሳሁ በመስኮቱ ብረት ላይ ፋቅሁ። አንዱ ነከሰ፤ ሌላው ተንሸራተተ። ሃምሳ አለቃው ጉጠቱን ተቀብሎኝ ራሱ ሞከረ፣ ደግሞ ሞከረ። መሪጌታ ግድግዳ ተደግፈው ያያሉ። «ጻፍ» አለ ሃምሳ አለቃው ጸሐፊውን። ቃሌን ሰጥቼ በጣቴ ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልበል። በማሩ ላይ የተነሳው ክስ ተቋረጠ። እኔ ያን መኪና ለሦስት ወር ያለ ክፍያ ሠርቼ አስነሳሁት፤ ሸራውም ከአስመራ መጣለት። መሪጌታ ብዙ ጊዜ ሰላምታ ነፈጉኝ። በፋሲካ ማግሥት ራሳቸው ቤቴ መጥተው «ያቻኮልኩህ እኔ ነኝ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉኝ፤ አብረን በላን። አያ ቸኮል ደግሞ ደባርቅ ላይ አነስተኛ ጋራዥ ከፍተው እኔን ላኩኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ተቀምጬ ከጉሙና ከውርጩ ጋር ስታገል ኖርኩ። የሚወርደውን መኪና ሁሉ ታምቡሩን ሳልዳብስ አላሳልፍም ነበር። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ፣ በኋላ ራሳቸው መቆም ለመዱ። የሥራ ዘመኔ ደጉ ጊዜ ያ ነው፤ ዛሬም የደባርቅ ብርድ ይናፍቀኛል ብል ልጆቼ አያምኑኝም።

ማሩ ዳግመኛ መሪ አልያዘም። የግራ እግሩ የማርሽ መቀየሪያውን ፍሪሲዮን ለመርገጥ አልታዘዝ አለው። መናኸሪያ ተቀጥሮ የመኪና ተራ ሲያስከብር ኖረ፤ በዱላ እየተደገፈ፣ ሰው እየወደደው።

ሆስፒታል የሄድኩበትን ቀን እስካሁን ያለፍኩት ለመናገር ስለሚከብደኝ ነው። ከጣቢያው ወጥተን አያ ቸኮል ወደ ጋራዡ ሲመለሱ እኔ በቀጥታ ወደ ማሩ ሄድኩ። እኩለ ቀን ነበር። ሚስቱ በራፍ ላይ ካለው ቧንቧ ልብስ ታጥባለች። እሱ እግሩ በጄሶ ተጠቅልሎ ጣራ ያያል። እንዲቆጣኝ፣ «ነግሬህ አልነበረም?» እንዲለኝ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ከጎኑ ተቀምጬ ከገበያው ሸራ እስከ ሃምሳ አለቃው ምድጃ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ይቅር በለኝ አልኩት።

ማሩ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

«ፍሬኑን እኮ አልጠረጠርኩትም» አለኝ። «አንተ የሠራኸው ስለሆነ። አረቄዋ ናት፣ እግሬ ዘግይቶ ነው እያልኩ ራሴን ስረግም ነው የሰነበትኩ። ሌሊት ሌሊት እንደገና እረግጣለሁ፣ ሁልጊዜ ዘግይቼ ነው።»

እንባዬ መጣ።

«እንግዲያው እግሬ አልዘገየም?»

«አልዘገየም፣ ማሩ። በጊዜው ረግጠሃል።»

«እስቲ ድገመው።»

«በጊዜው ረግጠሃል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ተነፈሰ። ከዚያ ሚስቱን ጠራት፤ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች ገባች። «ለእሷም ንገራት» አለኝ። ለእሷም ነገርኳት።